የሲቪል ጠመንጃ በወታደር መመዘኛ ሲለካ

ኤአር-15 በአሜሪካ ለሲቪል በስፋት ከሚሸጡ ጠመንጃዎች ግንባር ቀደሙ ነው። መልኩም ሆነ አሠራሩ የአሜሪካ ጦር ከሚታጠቃቸው ኤም 16 እና ኤም 4 ጠመንጃዎች ጋር ይመሳሰላል። በግልጽ የሚለያቸው የተኩስ ስልታቸው ነው። የወታደሩ ጠመንጃ እንደ ሞዴሉ በተከታታይ ወይም ሦስት ሦስት እያደረገ ሊተኩስ ይችላል፤ የሲቪሉ ግን ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ከዚህ ውጭ ያለው ልዩነት ላይ ላዩን ሲያዩት አይታወቅም። በአንድ መደብር ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ከተሰቀሉ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ 500 ዶላር፣ ሌላው 2,000 ዶላር ሲጠየቅበት ይገኛል። ከማስጌጫና ከስም ዋጋ የተረፈው ልዩነት ያለው በብረቱ ዓይነት፣ በአመራረቱና በፍተሻው ውስጥ ነው።

አምራቾች ይህን ልዩነት ለማሳጠር «ሚል-ስፔክ» ይላሉ፤ ወታደራዊ መመዘኛን ያሟላ ለማለት ነው። አባባሉ ብቻውን ለገዢ ብዙ አይነግረውም። ጠመንጃ የብዙ ክፍሎች ስብስብ ስለሆነ፣ ከክፍሎቹ ሁለት ሦስቱ ብቻ በመመዘኛው መሠረት ተሠርተው ስያሜው ለጠቅላላው ሊሰጥ ይችላል። የሚያዋጣው ማነጻጸር ክፍል በክፍል የሚደረገው ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ከምን ተሠራ? በምን ዓይነት ሂደት ተሠራ? ተሠርቶ ካለቀ በኋላስ እንዴት ተፈተሸ?

መመዘኛው የያዘው

የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ የሚገዛው በሁለት ዓይነት ሰነድ ነው። አንደኛው ጠመንጃው ምን መሥራት እንዳለበትና እንዴት እንደሚፈተን የሚደነግገው መመዘኛ ነው፤ የኤም 4 ሰነድ ቁጥር ሚል-ሲ-70599 ይባላል። ሁለተኛው የቴክኒክ መረጃ ጥራዝ የሚባለው ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ክፍል ንድፍ፣ ልክ፣ የሚፈቀደውን የልክ መዛነፍ፣ የብረቱን ዓይነት፣ የሙቀት ማጠንከሪያውንና የላይ ሽፋኑን ይዘረዝራል። ይህ ጥራዝ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ለረጅም ጊዜ የኤም 4 የማምረት መብት በኮልት ኩባንያ እጅ ነበረ። መብቱ በ2009 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካበቃ በኋላ ጦሩ ሥራውን ለጨረታ አቀረበ፤ በ2013 ኤፍ ኤን የተባለው የቤልጅግ ኩባንያ የአሜሪካ ቅርንጫፍ የኤም 4 ውል አሸነፈ። ከእነዚህ ውጭ ያሉ አብዛኞቹ የሲቪል አምራቾች ጥራዙ ሳይኖራቸው፣ ከታወቁት መመዘኛዎችና ከነባር ጠመንጃዎች ልክ እየወሰዱ ይሠራሉ። ስለዚህ «ሚል-ስፔክ» የሚለው ማስታወቂያ ቢበዛ «ይህን ይህን ክፍል በሚታወቀው የጦር መመዘኛ መሠረት ሠርተናል» ማለት ይሆናል።

በወታደሩ አሠራር ከወረቀቱ እኩል የሚከብደው ቁጥጥሩ ነው። በኮንትራት በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ይገባሉ፤ ከየምርት ዙሩ ናሙና ተወስዶ ይተኮሳል፣ ይለካል። ጠመንጃዎች ተፈታተው ክፍሎቻቸው ከተደባለቁ በኋላ ሞረድ ሳይነካቸው እንደገና መገጣጠምና መሥራት ይጠበቅባቸዋል። ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ጆን ሆል የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1820ዎቹ በሃርፐርስ ፌሪ የመንግሥት ፋብሪካ፣ ክፍሎቻቸው እርስ በርስ የሚቀያየሩ ጠመንጃዎችን በማሽንና በመለኪያ ሠርቷል። ለሠራዊት ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በውጊያ መሃል የተሰበረ ክፍል ከሌላ ጠመንጃ ተወስዶ ወዲያው መግጠም አለበት። አንድ ጠመንጃ ብቻ ላለው ሲቪልም የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ መለዋወጫ ሲገዛ ያለ ባለሙያ ሞረድ እንዲገጥምለት ያደርጋል።

ከችግር የወጡ ደንቦች

ከመመዘኛው ድንጋጌዎች ብዙዎቹ የሆነ ጊዜ ለደረሰ ብልሽት የተሰጡ መልሶች ናቸው። ጠመንጃውን በ1950ዎቹ የነደፈው ዩጂን ስቶነር ነው፤ የሚሠራበት አርማላይት በካሊፎርኒያ የሚገኝ፣ የፌርቻይልድ አውሮፕላን ኩባንያ ክፍል ነበረ። በመጀመሪያ ትልቁን ኤአር-10 ሠራ፤ ጂም ሱሊቫንና ሮበርት ፍሪሞንት ያንኑ ንድፍ ለአነስተኛ ጥይት አሳንሰው ኤአር-15ን አወጡ። ኮልት በ1959 የማምረት መብቱን ገዛ፤ በ1964 ደግሞ አንድ በአንድ የሚተኩሰውን የሲቪል ዓይነት መሸጥ ጀመረ። የስቶነር የፈጠራ መብት በ1977 ሲያበቃ በሩ ለሌሎች አምራቾች ተከፈተ።

ጦሩ ጠመንጃውን ኤም 16 ብሎ ወደ ቬትናም ሲልክ ከባድ ችግር ገጠመው። የጥይቱ ባሩድ ጠመንጃው ከተሞከረበት ወደ ሌላ ዓይነት ተቀይሮ ስለነበር፣ የሚተወው ጥላሸት በዛ፤ የተኩሱ ፍጥነትም ጨመረ። የጥይት ማረፊያው በክሮም ስላልተለበጠ በሐሩሩ እርጥበት ዛገ። ለወታደሩ የማጽጃ ዕቃም ሥልጠናም በበቂ ሁኔታ አልቀረበለትም። የተተኮሰ ቀለህ ማረፊያው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወታደሩ በጠላት ፊት ቆሞ በማጽጃ ዘንግ እየገፋ ለማውጣት ይገደዳል። በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ በ1967 ጉዳዩን መርምሮ ጦሩን አጥብቆ ወቀሰ። ችግሩን ለመፍታት በመጀመሪያ የጥይት ማረፊያው፣ ቀጥሎም የአፈሙዙ ውስጥ በሙሉ በክሮም እንዲለበጥ ተወሰነ፤ በሰደፉ ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ ግጭትን የሚያለዝበው ክብደትም ተሻሻለ። ዛሬ ገዢዎች ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ የሆነው የክሮም ሽፋን መነሻው ይኸው ነው።

አፈሙዝ

እዚህ አፈሙዝ ሲባል ጫፉን ብቻ ሳይሆን አረሩ የሚጓዝበትን ቱቦ በሙሉ ያጠቃልላል። የጠመንጃው ዕድሜ፣ ኢላማ የመምታት ብቃትና ደኅንነት ከሁሉ በላይ የሚመረኮዘው በእሱ ስለሆነ ማነጻጸሩ ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የብረቱ ዓይነት ነው። ወታደራዊው የአፈሙዝ ብረት መመዘኛ ሚል-ቢ-11595 የሚባለው ሲሆን፣ ካርቦኑ ግማሽ በመቶ አካባቢ የሆነ፣ ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ያለበትን ብረት ይቀበላል። በንግድ ቋንቋ 4150 ሲ ኤም ቪ ይባላል። በርካሽ ጠመንጃዎች ላይ የሚዘወተረው 4140 የካርቦን መጠኑ ወደ 0.4 በመቶ ዝቅ ይላል። የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው አፈሙዙ በተከታታይ ተኩስ ሲግል ነው፤ የመጀመሪያው ሙቀትንና መበላትን የበለጠ ይቋቋማል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄዶ ቀስ እያለ የሚተኩስ ሰው ብረቱን ወደዚያ የሙቀት ደረጃ እምብዛም አያደርሰውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ በደንብ የተሠራ የ4140 አፈሙዝ ችግር የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የውስጥ ሽፋኑ ነው። ክሮም የጥይት ማረፊያውን ከዝገት ይጠብቃል፣ ቀለህ እንዲላቀቅ ያግዛል፣ የአፈሙዙንም ዕድሜ ያረዝማል። ለብጡ ሁሉም ቦታ እኩል ውፍረት እንዲኖረው ማድረግ አስቸጋሪ ስለሆነ ግን፣ በክሮም የተለበጠ አፈሙዝ ለውድድር ከሚሠራ ያልተለበጠ አፈሙዝ ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ አተኳኮሱ ይሰፋል። ብዙ የሲቪል አምራቾች አሁን የሚጠቀሙት ናይትራይድ የተባለውን ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ናይትሮጅንና ካርቦን በሙቀት ወደ ብረቱ ገጽ እንዲሰርጹ ይደረጋል። በላዩ የተጨመረ ለብጥ ስለሌለው ልኩ ብዙም አይለወጥም፤ ዝገትንም በሚገባ ይከላከላል። በኤም 4 መመዘኛ የተጠቀሰው ክሮም ስለሆነ ናይትራይድ «ሚል-ስፔክ» አይባልም፤ ይሁን እንጂ ለሲቪል አጠቃቀም ያንሳል ለማለት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው የጥይት ማረፊያው ልክ ነው። የኔቶ 5.56 ጥይትና የሲቪሉ .223 ሬሚንግተን ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ማረፊያዎቻቸው ግን አንድ አይደሉም። በ5.56 ማረፊያ ውስጥ አረሩ ጥምዝምዙን ቦይ እስኪነካ ድረስ የሚጓዘው ክፍተት ይረዝማል። በመሆኑም .223 ጥይት በ5.56 ማረፊያ ያለ ስጋት ይተኮሳል፤ የ5.56 ጥይት በጠባቡ .223 ማረፊያ ሲተኮስ ግን ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊወጣ ይችላል። ለ.223 የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ 55,000 ፓውንድ በኢንች ካሬ ሲሆን፣ ለኔቶው 62,000 ያህል ነው። ቁጥሮቹ የተለኩት በቀለሁ ላይ ከተለያየ ቦታ ስለሆነ በቀጥታ መቀናነስ አይገባቸውም፤ የማረፊያው ልዩነት ግን እውነተኛ ነው። ለሁለቱም እንዲስማማ ታስቦ የተቀረጸው .223 ዋይልድ የሚባለው ማረፊያ በሲቪል ገበያ የተለመደ አማራጭ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ በአፈሙዙ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

አራተኛው የጥምዝምዙ ፍጥነት ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ያሉት ቦዮች አረሩን እያሽከረከሩ ያወጡታል፤ አረሩ በረዘመ መጠን በበረራው እንዳይዛነፍ ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። የቬትናሙ ኤም 16 በ12 ኢንች አንድ ዙር ያዞር ነበር፤ ክብደቱ 55 ግሬን ለሆነ አረርም ይህ በቂ ነበር። በ1980ዎቹ የመጣው ኤም 16ኤ2 62 ግሬን አረርና ከእሱም የሚረዝም መንገዱን እያበራ የሚሄድ አረር ስለሚተኩስ በ7 ኢንች አንድ ዙር ሆነ፤ ኤም 4ም ይህንኑ ወረሰ። በሲቪል ጠመንጃዎች ላይ በ9 ኢንች ወይም በ8 ኢንች አንድ ዙር የሆኑ አፈሙዞች ይበዛሉ። በ9 ኢንች የሚዞረው ለተለመደው 55 እና 62 ግሬን አረር ይበቃል። ረጅሙን 77 ግሬን የውድድር አረር የሚተኩስ ሰው 8 ወይም 7 ቢመርጥ ይሻለዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ የወታደሩ ቁጥር የተመረጠው በዋናነት ሲቪል እምብዛም ለማይተኩሰው አረር ስለሆነ፣ ከእሱ መለየት ጉድለት ተብሎ አይቆጠርም።

መቀርቀሪያውና ተሸካሚው

ጥይቱ ሲፈነዳ ከኋላ ዘግቶ የሚይዘው መቀርቀሪያው ነው። ሰባት ጥርሶች አሉት፤ በአፈሙዙ መጨረሻ ላይ ገብተው ዞር ሲሉ ይቆለፋሉ። ከአፈሙዙ የሚመጣው ጋዝ በቀጭን ቱቦ ተመልሶ መቀርቀሪያውን ወደ ያዘው ተሸካሚ ይገባና ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በዚህ ጉዞ ቀለሁ ይወጣል፣ ተመልሶ ሲመጣም ቀጣዩ ጥይት ይጎርሳል። መቀርቀሪያ ሲያረጅ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው በሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው መሃሉን በሚበሳው የስፒና ቀዳዳ ላይ፣ ሁለተኛው በቀለህ አውጪው ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ሥር ነው።

ወታደራዊው ንድፍ ለመቀርቀሪያው ካርፔንተር 158 የሚባል ብረት ያዛል። በሲቪል ገበያ 9310 የሚባለውም በስፋት ይሠራበታል፤ በትክክል በሙቀት ከተጠነከረ ጥሩ መቀርቀሪያ ይወጣዋል። የሙቀት ማጠንከሪያው ከተበላሸ ግን የትኛውም ብረት አያድንም፤ ችግሩም በዓይን አይታይም። ወታደሩ ሁለት ፍተሻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መጀመሪያ መቀርቀሪያውና አፈሙዙ ከመደበኛው በላይ ግፊት ባለው መፈተኛ ጥይት ይተኮስባቸዋል፤ የዚህ ጥይት ግፊት 70,000 ፓውንድ በኢንች ካሬ አካባቢ ነው። ቀጥሎ ብረቱ ማግኔት ተደርጎ ደቃቅ የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ይፈስበታል። ስንጥቅ ካለ ብናኙ በስንጥቁ ላይ ተሰብስቦ በልዩ ብርሃን መስመር ሆኖ ይታያል። ሁለቱን ያለፈ ክፍል ኤም ፒ የሚሉ የላቲን ፊደላት ይቀረጹበታል።

በሲቪል ገበያ ትልቁ የዋጋ ልዩነት ከሚደበቅባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። አንዳንዱ አምራች እያንዳንዱን መቀርቀሪያ ይፈትሻል፤ አንዳንዱ ከየምርት ዙሩ ናሙና ብቻ ይወስዳል፤ ጭራሽ የማይፈትሽም አለ። በፊደል ብቻ ከመተማመን «እያንዳንዱ ነው ወይስ በናሙና?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። የመፈተኛ ጥይቱን የማይወዱ አምራቾችም መከራከሪያ አላቸው፤ ከመጠን ያለፈ ግፊት ደህናውን ክፍል ያለ ጥቅም ያደክመዋል ይላሉ። የማግኔቱን ፍተሻ ግን ጉዳት አለው የሚል የለም፤ አምራቹ የሚያወጣበት ጊዜና ገንዘብ ብቻ ነው።

በተሸካሚው ጀርባ ላይ ጋዙን የሚቀበል ትንሽ ቁራጭ በሁለት ብሎን ታስሯል። ብሎኖቹ ከላሉ ጋዝ ያፈተልካል፣ ጠመንጃውም ጥይት መጉረስ ያቆማል። መመዘኛው የቁራጩ ጠርዝ በስል ብረት ተመትቶ ወደ ብሎኖቹ ራስ እንዲገባና እንዳይፈቱ እንዲይዛቸው ያዛል። በአንዳንድ ርካሽ ጠመንጃዎች ላይ ይህ አይደረግም፤ ወይም ብሎኑ ጋ ሳይደርስ ለይስሙላ ይነካካል። ሥራው የደቂቃዎች ስለሆነ አለመኖሩ አምራቹ በሌላውም ነገር መቸኮሉን ይጠቁማል።

ቀለህ አውጪው ሌላው ትኩረት የሚሻ ክፍል ነው። የኤም 4 የጋዝ ቱቦ ከረጅሙ ኤም 16 ስለሚያጥር ጋዙ ቀድሞና በርትቶ ይመጣል፤ መቀርቀሪያውም ቀለሁ ገና ማረፊያውን አጥብቆ እንደያዘ መክፈት ይጀምራል። ስለዚህ አውጪው የበረታ ሞላና በሞላው ውስጥ የሚቀመጥ ጥቁር የጎማ ድጋፍ ይሰጠዋል። በአጭር አፈሙዝ ጠመንጃ ላይ እነዚህ ከጎደሉ ዋጋቸው ጥቂት ዶላር ስለሆነ ገዢው ራሱ ሊያሟላቸው ይችላል።

አካሉና ሰደፉ

የጠመንጃው የላይና የታች አካል 7075-ቲ6 ከሚባል አልሙኒየም ተቀጥቅጦ ይሠራል፤ ገጹም በኤሌክትሪክና በአሲድ በሚፈጠር ጠንካራ ሽፋን ይለበሳል። ይህ አልሙኒየም በጥንካሬው ተራ ከሆነው 6061-ቲ6 እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የሚያስገርመው በዚህ ክፍል ውድና ርካሽ ጠመንጃዎች እምብዛም አለመለያየታቸው ነው። ጥሬውን ቅርጽ የሚቀጠቅጡት ፋብሪካዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ በጎናቸው የተለያየ ስም የተጻፈባቸው ብዙ ጠመንጃዎች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ልዩነት የሚመጣው በኋላ ቀዳዳዎቹ ሲበሱና ልካቸው ሲስተካከል ነው።

ከሰደፉ ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ በሁለት ልክ ይገኛል። የወታደሩ ዲያሜትር 1.148 ኢንች ሲሆን፣ የንግዱ 1.168 ኢንች ነው። ለአንዱ የተሠራ ሰደፍ በሌላው ላይ ወይ አይገባም ወይ ይላላል። የወታደሩ ቱቦ 7075 አልሙኒየም ሲሆን፣ የንግዱ በአብዛኛው 6061 ነው። ቱቦውን ከአካሉ ጋር የሚያስረው ጥርሳም ዳዶም እንደ ጋዝ ቁራጩ ብሎኖች ተመትቶ መቆለፍ አለበት፤ ካልሆነ በንዝረት ይላላል።

በቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ክብደት የመቀርቀሪያውን ፍጥነት ይገድባል። ተራው 3 አውንስ ያህል ይመዝናል፤ በኤም 4 ላይ ያለው ወደ 3.8፣ ኤም 4ኤ1 በተባለው ዓይነቱ ላይ ያለው ደግሞ ወደ 4.6 አውንስ ይደርሳል። አንዳንድ የሲቪል አምራቾች ጠመንጃቸው በደካማ ጥይትም እንዲሠራ የጋዙን ቀዳዳ አስፍተው ቀላሉን ክብደት ይገጥማሉ። ውጤቱ የበዛ ርግጫና ቶሎ የሚያልቁ ክፍሎች ናቸው። ከባዱን ክብደት መተካት ችግሩን በከፊል ያቃልላል፤ የሰፋ የጋዝ ቀዳዳን ግን በቀላሉ ማጥበብ አይቻልም።

የፊት ማነጣጠሪያው በአፈሙዙ ላይ ከተተከለ በወታደሩ አሠራር አንድ ጫፋቸው በቀጠነ ሁለት ስፒናዎች ይያዛል። በብሎን ብቻ የተያዘ ማነጣጠሪያ ቢንሸራተት የጋዙም መንገድ አብሮ ይዛባል። ማነጽር የሚታሰርበት ጥርሳም ሐዲድ ደግሞ በ1995 በወጣው ሚል-ስታንዳርድ 1913 የተወሰነ ልክ አለው። አብዛኞቹ አምራቾች ስለሚከተሉት በዚህ በኩል የሚያሳስብ ልዩነት እምብዛም አይገኝም።

የሲቪሉ የሚሻልባቸው ነጥቦች

ወታደራዊ መመዘኛ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ሠራዊቱ በብዛትና በተመጣጣኝ ዋጋ ሲገዛ ከዚህ በታች አልቀበልም የሚለው ደረጃ ነው። ከዚያ በላይ መሥራት የተፈቀደ በመሆኑ በበርካታ ነጥቦች የሲቪሉ ጠመንጃ ይበልጣል።

አንዱ ምላጩ ነው። የወታደሩ ምላጭ ለመሳብ ከ5.5 እስከ 9.5 ፓውንድ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል፤ አሳሳቡም ሻካራ ነው። ለሲቪል የሚሠሩ ጥሩ ምላጮች ቀላልና ጥርት ያሉ ስለሆኑ ኢላማ ለመምታት ይረዳሉ። ሌላው የአፈሙዙ አተኳኮስ ነው። ጦሩ የሚፈልገው ሰው የሚያህል ኢላማ የሚመታ፣ ሲግልም ሲቆሽሽም የማይከዳ አፈሙዝ ስለሆነ፣ ለውድድር የሚሠራ ከማይዝግ ብረት የወጣ አፈሙዝ በኢላማ ወረቀት ላይ በቀላሉ ይበልጠዋል። በአንጻሩ ይህ የውድድር አፈሙዝ ቶሎ ይበላል።

ሦስተኛው የጋዝ ቱቦው ርዝመት ነው። የኤም 4 አፈሙዝ 14.5 ኢንች ሲሆን፣ የጋዝ ቱቦው አጭሩ ዓይነት ነው። የሲቪሉ አፈሙዝ በሕግ ምክንያት ብዙ ጊዜ 16 ኢንች ይሆናል። በ16 ኢንች አፈሙዝ ላይ አጭሩ ቱቦ ከተገጠመ፣ አረሩ የጋዙን ቀዳዳ አልፎ እስኪወጣ ግፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ወደ ኋላ የሚመጣው ጋዝ ይበዛል። መካከለኛው ቱቦ ለዚህ ርዝመት ይበልጥ ይስማማል፤ ርግጫው ይለዝባል፣ ክፍሎቹም ዕድሜያቸው ይረዝማል። የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች በቅርብ ዓመታት ለጠመንጃዎቻቸው የመረጡት የላይ አካልም መካከለኛ ቱቦ ያለው ነው። በዚህ ነጥብ የሲቪል ገበያው ከኤም 4 መመዘኛ ቀድሞ ሄዷል።

ሕጉ የሚያስቀምጠው ልክ

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሲቪል ጠመንጃ የወታደሩን መመዘኛ ሙሉ በሙሉ ሊያሟላ አይችልም። በ1934 የወጣው ሕግ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ ልዩ ምዝገባ እንዲደረግለት ያዛል። ስለዚህ ባለ 14.5 ኢንች አፈሙዝ የሚፈልጉ አምራቾች በአፈሙዙ ጫፍ የሚገጠመውን መሣሪያ እንዳይነቀል በይደው ጠቅላላ ርዝመቱን 16 ኢንች ያደርሱታል። ከግንቦት 1986 በኋላ የተሠራ በተከታታይ የሚተኩስ መሣሪያ ደግሞ ለሲቪል መሸጥ ተከልክሏል።

ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሜሪላንድ፣ ኢሊኖይና ዋሽንግተን ስቴት የዚህን ዓይነት ጠመንጃ ሽያጭ የሚከለክሉ ወይም በጥብቅ የሚገድቡ ሕጎች አውጥተዋል። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሰው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ 4473 የሚባለውን ቅጽ መሙላትና የኤፍ ቢ አይን የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም። በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህ ልዩነት ከጠመንጃው ጥራት ቀድሞ የሚጣራ ጉዳይ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚታይ

በመደብር ውስጥ ብዙ ነገር ያለ መሣሪያ ማየት ይቻላል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መጀመሪያ በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸው ይነበባል፤ የማረፊያው ዓይነትና የጥምዝምዙ ፍጥነት ከዚያ ይገኛሉ። መቀርቀሪያው ወጥቶ የፍተሻ ምልክቱ ይታያል፤ የጋዝ ቁራጩ ብሎኖች በደንብ መመታታቸው፣ የሰደፉ ቱቦ ዳዶም መቆለፉ ይጣራል። ጥይቱ ከካዝናው ወደ ማረፊያው የሚንሸራተትበት መወጣጫ በላይኛው አካልና በአፈሙዙ መጋጠሚያ ላይ ደረጃ ሳይፈጥር መቀጠል አለበት። የቱቦው ዲያሜትር በካሊፐር ይለካል። የብረቱ ዓይነት፣ የውስጥ ሽፋኑና ፍተሻው የተደረገው በእያንዳንዱ ላይ ይሁን በናሙና ከአምራቹ ጽሑፍ ይጠየቃል። አምራቹ ይህን በግልጽ ካልጻፈ፣ ርካሹን መንገድ እንደመረጠ አድርጎ ማሰብ ይሻላል።

ያገለገለ ጠመንጃ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአፈሙዙ ውስጥ በብርሃን ይታያል፤ ከማረፊያው ፊት ያለው መበላት በመለኪያ ይጣራል። በተቆለፈ መቀርቀሪያና በማረፊያው መካከል ያለው ክፍተት ከልክ ማለፉንና አለማለፉን ባለሙያ በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት። የመቀርቀሪያው ጥርሶችና የስፒናው ቀዳዳ ለስንጥቅ ይመረመራሉ። ያረጀ መቀርቀሪያ ከአዲስ አፈሙዝ ጋር፣ አዲስ መቀርቀሪያም ካረጀ አፈሙዝ ጋር ሳይለካ መጋጠም የለበትም።

በጀት ሲያንስ ገንዘቡ በቅድሚያ ለአፈሙዙና ለመቀርቀሪያው ቢውል ይመረጣል፤ ደኅንነትና ዕድሜ የሚወሰኑት በእነሱ ስለሆነ። ቀጥሎ የሚመጣው የገጣጠማው ጥራት ነው። ሰደፍ፣ እጀታ፣ ሞላ፣ የሚመላለሰው ክብደትና ምላጭ ቆይተው በቀላሉ የሚለወጡ ስለሆኑ በመጨረሻ ቢታሰቡ ጉዳት የለውም። በዓመት ጥቂት መቶ ጥይት የሚተኩስ ሰው ጥሩ ፍተሻ ያለፈ መካከለኛ ዋጋ ያለው ጠመንጃ ይበቃዋል፤ በሥልጠና ሺዎችን የሚተኩስ ሰው የእያንዳንዱ ክፍል ፍተሻ ወጪውን ይመልስለታል፤ የውድድር ተኳሽ ደግሞ ክሮሙንና ወታደራዊውን ምላጭ ትቶ ሌላ መንገድ ይይዛል። የትኛውም ቢመረጥ፣ ጠመንጃው ባለቤቱ በሚጠቀምበት ጥይትና ካዝና ጥቂት መቶ ጊዜ ተተኩሶ ያለ ችግር መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ማነጻጸሩ አልተጠናቀቀም።